የልጅ ታክስ ክሬዲት ሕግ ተቀይሯል፤ ለሦስት ልጆቼ የሚደርሰኝ ስንት ነው?

የሦስት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ የ2025ን ታክስ በራሳችን ለመሙላት ተቀምጠን ሒሳቡ አልገናኝ ስላለን ምክራችሁን ለመጠየቅ ነው የመጣሁት። እኔ አረጋውያንን በመንከባከብ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ሁለታችንም ደብልዩ 2 (አሠሪ የሚሰጠው የዓመቱ ደመወዝ ማስረጃ) ይሰጠናል፤ ደመወዛችን ተደምሮ 45,500 ዶላር ነው፤ ሌላ ገቢ የለንም። ትልቁ ልጃችን ባለፈው ኦክቶበር 17 ዓመት ሞላው፤ ሁለተኛዋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ትንሿ በዲሴምበር መጨረሻ ተወለደች።

አምና በልጅ ታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ልጅ ላለው ሰው ከታክሱ ላይ በሚቀነሰው ገንዘብ፣ ለሁለቱ ልጆች ለእያንዳንዳቸው 2,000 ዶላር ታስቦልን ነበር። ዘንድሮ በአዲሱ ሕግ ለአንድ ልጅ 2,200 ሆኗል ሲባል ስለ ሰማን፣ በሦስት አባዝተን 6,600 ዶላር እንጠብቅ ነበር። የምንሞላበት ፕሮግራም ግን አንድ መስመር ላይ 1,403፣ ሌላ መስመር ላይ 3,400 ያወጣል፤ ከዚያ በታች ደግሞ ከ4,800 የሚበልጥ ሌላ ቁጥር አለ፤ የምን እንደ ሆነ አልገባንም። የትንሿ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ገና በፖስታ አልደረሰም፤ ስንት እንደሚሆን ለማየት ያህል እንደ ደረሰ አድርገን ነው የሞከርነው። ሌሎቻችን ሁላችንም ቁጥር አለን። ስህተቱ የእኛ ይሁን የፕሮግራሙ የሚነግረን ሰው ብናገኝ በጣም ደስ ይለናል፤ ሳይገባኝ ፈርሜ መላክ አልፈልግምና።

ሒሳብ ሠራተኛው (ቨርጂኒያ)

እንኳን ማርያም ማረችዎት። ሳይገባኝ አልፈርምም ማለትዎም ትክክል ነው፤ ሌላ ሰው ቢሞላልዎትም እንኳ በወረቀቱ ላይ ለተጻፈው የሚጠየቁት እርስዎና ባለቤትዎ ናችሁና። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። የተሳሳተው 2,200ን በልጆቹ ቁጥር ማባዛቱ ነው።

መጀመሪያ ትልቁን ልጅ እንይ። ይህ ክሬዲት የሚሰጠው በዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ ማለትም ዲሴምበር 31፣ ገና 17 ዓመት ላልሞላው ልጅ ነው። ልጅዎ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ 16 ሆኖ ቢያሳልፍም በወር ተካፍሎ አይታሰብለትም፤ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። በአንጻሩ ትንሿ ለጥቂት ቀናት ብቻ ብትኖርም ዓመቱን በሙሉ ከእናንተ ጋር እንደ ኖረች ትቆጠራለች። ለትልቁ የሚቀርለት ለሌሎች ጥገኞች፣ ማለትም በእናንተ ድጋፍ ለሚኖሩ፣ የሚሰጠው 500 ዶላር ነው። ስለዚህ የእናንተ መነሻ ሁለት ጊዜ 2,200 እና 500፣ በድምሩ 4,900 ዶላር ነው።

ቀጥሎ ያለው ነገር ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ይህ ክሬዲት አንደኛው ክፍሉ ያለብዎትን ታክስ ብቻ የሚቀንስ፣ ሁለተኛው ክፍሉ ታክስ ባይኖርብዎትም እጅዎ የሚገባ ነው። ከ45,500 ላይ ለባልና ሚስት የተፈቀደው መደበኛ ቅናሽ 31,500 ሲነሣ ታክስ የሚታሰብበት 14,000 ዶላር ይቀራል፤ በሰንጠረዡ መሠረት የዚህ ታክስ 1,403 ነው። ከ4,900ው ውስጥ 1,403ቱ ይህን ታክስ ዜሮ ያደርገዋል፤ ያዩት የመጀመሪያው ቁጥር ይህ ነው። የሚተርፈው 3,497 ዶላር ነው፤ ይህ ግን እንዳለ አይመለስም፤ ይህ ክሬዲት በሚታሰብበት ቅጽ በስኬጁል 8812 ላይ በሁለት ገደቦች ያልፋል። አንደኛው ገደብ ከ17 ዓመት በታች ለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ ከ1,700 አይበልጥም የሚለው ነው፤ ለሁለቱ 3,400 ይሆናል። ሁለተኛው ገደብ ሠርታችሁ ካገኛችሁት ገቢ ከ2,500 በላይ ያለው ተወስዶ 15 በመቶው ነው፤ የእናንተ 6,450 ስለሚሆን አያግዳችሁም። ከሦስቱ ቁጥሮች ትንሹ 3,400 ስለሆነ የሚመለስላችሁ እሱ ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር ይህ ነው። 97 ዶላር ትቀራለች፤ ወደሚቀጥለው ዓመትም አትተላለፍም።

ሦስተኛው ቁጥር ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት የሚባለው፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የሚሰጠው ሌላ ክሬዲት ነው። ሁለቱ ስማቸውም ዓላማቸውም ስለሚቀራረብ ሰዎች አንድ ያደርጓቸዋል፤ የልጅ ዕድሜ ደንባቸው ግን ይለያያል። በዚህኛው ልጅ የሚቆጠረው 19 ዓመት እስኪሞላው፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነ ደግሞ 24 እስኪሞላው ነው። ስለዚህ ከፊተኛው የወጣው ትልቁ ልጅዎ እዚህ ገብቷል፤ እናንተም የሦስት ልጆች ወላጆች ሆናችሁ ትታሰባላችሁ። ለ2025 የሁለት ልጆች ጣሪያው 7,152፣ የሦስትና ከዚያ በላይ 8,046 ዶላር ነው፤ ገቢ ሲጨምር እየቀነሰ ይሄድና አብረው ለሚሞሉ የሦስት ልጆች ወላጆች 68,675 ዶላር ላይ ያበቃል። በእናንተ ገቢ ከ4,800 በላይ ማሳየቱ ትክክል ነው። ትልቁን ልጅ “17 ሞልቶታል” ብላችሁ ከወረቀቱ ጨርሳችሁ ብታወጡት ኖሮ ትልቁ ጉዳት የሚደርስባችሁ እዚህ ላይ ነበር።

የትንሿን ቁጥር በተመለከተ ካርዱ እስኪመጣ አትላኩ። ለልጁ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ የተሰጠበት ቀን ታክሱ ከሚሞላበት ቀነ ገደብ ማለፍ የለበትም፤ ቀነ ገደቡ ኤፕሪል 15 ነው፤ በፎርም 4868 ካስረዘማችሁ ኦክቶበር 15 ይሆናል። ከዚያ በኋላ የተሰጠ ቁጥር ለ2025 አያገለግልም።

ታክሲ ነጂው (አሌክሳንድሪያ)

ሒሳብ ሠራተኛው በደንብ አብራርተዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ የምጨምረው በልቤ የከረመ ነገር ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢና በየቡና ቤቱ “ለልጅ 200 ዶላር ተጨመረ” ይባላል፤ ጭማሪው ግን እንደ እኔ ላለ ሰው አልደረሰም። 2,200 የሆነው ጠቅላላው ነው፤ ታክስ ለሌለበት ቤተሰብ እጅ የሚገባው ጣሪያ አምናም 1,700 ነበር፣ ዘንድሮም 1,700 ነው። እሱንም ሙሉውን ለማግኘት በቂ ገቢ ያስፈልጋል።

በ2025 መኪናዬ ለወራት ተበላሽቶ ቆሞ ነበር። በዓመቱ የገባልኝ 24,000 ዶላር ሲሆን፣ ለሥራ የነዳሁት 20,000 ማይል በ70 ሳንቲም ታስቦ 14,000፣ ሌላው ወጪ 1,000 ሆኖ የተጣራ ገቢዬ 9,000 ዶላር ብቻ ነው። ባለቤቴ ታማ ስለነበር አልሠራችም። ልጆቼ ሁለት ናቸው። ለራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ 1,272 ዶላር መጣብኝ፤ ግማሹ 636 ከገቢዬ ተቀንሶ 8,364 ቀረ፤ ከዚያ 2,500 ተነሥቶ 15 በመቶው 880 ዶላር ሆነ። ለሁለት ልጆች 4,400 የሚል ሕግ ለእኔ ቤት 880 ሆኖ ገባ ማለት ነው። የበለጠ የሚያገኘው ሰው ሙሉውን ሲወስድ፣ ዓመቱ የከፋበት ሰው ከአምስት እጅ አንዱን መውሰዱ ለልጆች ታስቦ የወጣ ሕግ ነው ብዬ እንዳልቀበለው ያደርገኛል። የልጅ ወተት በአባቱ ገቢ ልክ አይረክስምና።

አንድ የማውቀው ሰው “ወጪህን አታሳይ፤ ገቢህ ከፍ ሲል ክሬዲትህም ከፍ ይላል” ብሎ መክሮኛል። እውነት ነውን?

ሒሳብ ሠራተኛው (ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ ቅሬታዎ ትክክለኛ ቦታ ላይ ያረፈ ነው፤ እኔም ለደንበኞቼ በየዓመቱ ስነግር የሚከብደኝ ይኸው ነው። በዚያው ገቢ ግን ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት ለሁለት ልጆች ከ3,300 ዶላር በላይ ስለሚሰጥዎት እሱን አለመዝለልዎን ያረጋግጡ።

ምክሩን በተመለከተ ፈጽሞ አይቀበሉት። ለራሱ የሚሠራ ሰው የተፈቀደለትን ወጪ በሙሉ ቀንሶ ነው የተጣራ ገቢውን የሚያሳየው፤ ክሬዲት ለማሳደግ ሲባል ወጪን መደበቅ ያልተገኘ ገቢ ከመጻፍ አይለይም። በግዴለሽነት የተደረገ ከሆነ ሁለት ዓመት፣ ሆን ተብሎ በማጭበርበር ከሆነ አሥር ዓመት እነዚህን ክሬዲቶች ከመጠየቅ ያስከለክላል፤ ከዚያም ለመመለስ ፎርም 8862 መሙላት ይጠይቃል። የማይል መዝገብዎን ቀን በቀን ይያዙ። መከራከሪያዎ እሱ ነው።

የወንድሟ ጠበቃ (ሲያትል)

የወንድሜን ጉዳይ ልጠይቅ። ሁለት እዚህ የተወለዱ ልጆቹን ብቻውን ያሳድጋል፤ እስካሁን ታክስ ሲከፍል የኖረው በአይቲአይኤን (ሶሻል ሴኩሪቲ ለሌለው ሰው ለታክስ ብቻ በሚሰጥ) ቁጥር ነው። ልጆቹ ሶሻል ስላላቸው እስከ 2024 ድረስ የልጆቹን ክሬዲት ሲያገኝ ኖሯል። ዘንድሮ “አንተ ሶሻል ከሌለህ ለልጆችህም የለም” ብለውታል። የአሳይለም (የጥገኝነት) ጉዳዩ ገና አልተወሰነም፤ የሥራ ፈቃዱን ግን በጃንዋሪ ተቀብሎ ለሶሻል ሴኩሪቲ አመልክቷል። ልጆቹ ዜጎች ሆነው ሳለ በአባታቸው ወረቀት ምክንያት መከልከላቸው በጣም አሳዝኖኛል።

ሒሳብ ሠራተኛው (ቨርጂኒያ)

የተነገረው ትክክል ነው፤ ይህ ከአዲሱ ሕግ ለውጦች ሁሉ ለማኅበረሰባችን የከበደው ነው። በዲሴምበር 2017 በወጣው ሕግ ቁጥር እንዲኖረው የተጠየቀው ልጁ ብቻ ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ ግን ከ2025 ጀምሮ ለሥራ የሚያገለግል ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ወላጁም እንዲኖረው ተጠይቋል። ባልና ሚስት አብረው ሲሞሉ የአንዳቸው ይበቃል። የኧርንድ ኢንካም ክሬዲት ደንብ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ እሱ የሁለቱንም ወላጆች ይጠይቃል፤ ይህም ከጥንትም የነበረ ነው። ሁለቱን ደንቦች እያቀላቀሉ “ሚስትህ አይቲአይኤን ስለሆነች ለልጆችህ ምንም የለህም” የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል፤ ስህተት ነው።

ለወንድምዎ ግን መንገድ አለው። በካርዱ ላይ “ከአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ጋር ብቻ ለሥራ ያገለግላል” የሚል ጽሑፍ ቢኖርበትም፣ ፈቃዱ እስካልተቋረጠ ድረስ ለዚህ ክሬዲት ያገለግላል፤ የማያገለግለው “ለሥራ አያገለግልም” የሚለው ካርድ ነው። ስለዚህ አሁን በአይቲአይኤን ቸኩሎ አይላክ። ቁጥሩ ከኤፕሪል 15 በፊት ከመጣ በእሱ ይሙላ፤ ካልመጣ ከኤፕሪል 15 በፊት ፎርም 4868ን ልኮ እስከ ኦክቶበር 15 ይጠብቅ። ማራዘሚያው ግን ወረቀቱን እንጂ ክፍያውን አያራዝምምና ታክስ የሚኖርበት ከሆነ ገንዘቡን በኤፕሪል ይክፈል። ቁጥሩ በጊዜው ባይደርስ እንኳ ለእያንዳንዱ ልጅ የ500 ዶላሩ ክሬዲት አይቀርበትም፤ ያ ግን ያለበትን ታክስ ብቻ የሚቀንስ ነው።

ዲቪ የደረሰው (ዴንቨር)

እኔ ቀድሜ መጥቼ ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ በሴፕቴምበር 2025 ነው የደረሱት። እስከዚያ ድረስ አዲስ አበባ ሲኖሩ የቤት ኪራዩንም የትምህርት ቤቱንም ሁሉ የምከፍለው እኔ ነበርኩ። አብረውኝ ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ሙሉውን 2,200 ጠይቅ ይሉኛል። እውነት ይደርሰኛል?

ሒሳብ ሠራተኛው (ቨርጂኒያ)

ለ2025 አይደርስዎትም። ልጁ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ከእርስዎ ጋር መኖር አለበት፤ እርስዎ የላኩት ገንዘብ ምንም ያህል ቢሆን አብሮ መኖርን አይተካም። እዚህ የተወለደ ሕፃን ዓመቱን ሙሉ እንደ ኖረ መቆጠሩ ለእርስዎ ልጆች አይሠራም፤ እነሱ በሕይወት እያሉ የኖሩት ሌላ ቦታ ነውና። ሆኖም ልጆቹ በግሪን ካርድ ገብተው በዓመቱ ውስጥ የአሜሪካ ነዋሪ ስለሆኑና ከግማሽ በላይ ወጪያቸውን የሸፈኑት እርስዎ ስለሆኑ ለጥገኛ የሚሰጠውን 500 ዶላር መጠየቅ የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ይህን ሰነድዎን የሚያይ ሰው ዘንድ ሄደው ያረጋግጡ። ገቢያቸው መጠነኛ ለሆነ ሰዎች በነፃ የሚሞላው ቪታ የሚባለው አገልግሎት በብዙ ከተሞች አለ። 2026ን በሙሉ አብረዋችሁ ከኖሩ የሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሒሳብ ነው።

ሌላ አንድ ነገር ላስታውስ፤ የልጆቹ የልደት ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ በፓስፖርቱና በሶሻል ካርዱ መዝገብ ላይ ልዩነት ካለ ከመሙላትዎ በፊት ያስተካክሉ። 17 ዓመት መሙላትና አለመሙላት በዚያች ቀን ላይ የሚያርፍበት ጊዜ አለ።

የድሮ ነዋሪ (ሚኒያፖሊስ)

ይህን ክር ሳነብ 2021ን አስታወሰኝ፤ ሕግ በተቀየረ ቁጥር በአምናው እያሰቡ መሙላት ምን እንደሚያመጣ በራሴ ላይ ያየሁበት ዓመት ነውና ልናገር።

ይህ ክሬዲት በ1997 ሕግ ወጥቶ በ1998 ሲጀመር ለአንድ ልጅ 400 ዶላር ነበር፤ በዓመቱ 500 ሆነ። እየጨመረ ሄዶ በ2018 2,000 ደረሰ። በ2021 ለዚያ ዓመት ብቻ ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ 3,600፣ ከስድስት እስከ 17 ላለው 3,000 ሆነ፤ ገቢ ለሌለውም ጭምር ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ ተደረገ፤ ግማሹም ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በየወሩ ይላክ ነበር። ልጆቼ ያኔ ሦስትና አምስት ዓመታቸው ስለነበር በየወሩ 600 ዶላር ይገባልኝ ነበር፤ በስድስት ወር 3,600 ማለት ነው። ከ7,200ው የቀረኝ ሌላው 3,600 ነበር።

ታክሱን ስሞላ በየወሩ የደረሰኝን ገንዘብ የሚገልጸውን ደብዳቤ 6419 ሳልፈልግ ከጭንቅላቴ 3,000 ተቀበልኩ ብዬ ጻፍኩ፤ አንዱን ወር ለኪራይ ወዲያው ስለከፈልኩት ከነጭራሹ ረስቼው ነበር። ወረቀቴ ለምርመራ ተያዘ፤ ገንዘቡ ለወራት ዘገየ፤ በመጨረሻም የእኔ ቁጥር ተስተካክሎ ትክክለኛው ብቻ ደረሰኝ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ነበርና።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2022፣ ሕጉ ወደ 2,000 ተመለሰ፤ እጅ የሚገባውም ለአንድ ልጅ እስከ 1,500 ብቻ ሆነ። በ2023 1,600፣ በ2024 1,700 ሆነ። በሰፈራችን ያኔ ታክስ የሚሠሩላቸውን ሰዎች ቀማኞች ብለው የተጣሉ ብዙ ናቸው። የልጄ ክርስትና እናት “አምና ያገኘሁትን ዘንድሮ የት አደረስከው?” ብላ ለዓመታት ያመነችውን ሰው ትታ ሄደች። ሰውየው አንድም ሳንቲም አልወሰደም ነበር፤ ያስረዳት ግን አልነበረም። ታክስ ለሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች የምለምነው ይህንን ነው፤ የወጣውን ቁጥር ብቻ አትንገሩን፤ አምና ስንት እንደ ነበርና ዘንድሮ በየትኛው ደንብ እንደ ተለወጠ አንድ ደቂቃ ወስዳችሁ አሳዩን።

አዲስ ተመዝጋቢ (አትላንታ)

ተለያይተን ለምንኖር ወላጆችስ? ልጁ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው፤ ቀለብ የምከፍለው እኔ ነኝ።

ሒሳብ ሠራተኛው (ቨርጂኒያ)

ብዙ ሌሊት ልጁ የሚያድርበት ወላጅ ነው ባለመብቱ። እናቱ በፎርም 8332 ፈርማ ከለቀቀችልዎት የልጅ ታክስ ክሬዲቱን እርስዎ መውሰድ ይችላሉ፤ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲቱ ግን በፊርማ አይተላለፍም። ቀለብ መክፈል ብቻውን መብት አይሰጥም፤ ሁለታችሁም ብትጠይቁ ደግሞ የሁለታችሁም ይዘገያል።

የሦስት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ልጆቹን ካስተኛን በኋላ ከባለቤቴ ጋር ሒሳቡን በወረቀት ሠራነው። 4,900፣ ከዚያ 1,403፣ ከዚያ 3,400 እያልን ስንሄድ ከፕሮግራሙ ጋር በትክክል ገጠመ። ባለቤቴ ትልቁን ልጅ ከወረቀቱ ሊያወጣው ነበር፤ ሒሳብ ሠራተኛው እንዳሉት አድርጌ ለሙከራ ሳወጣው ሦስተኛው ቁጥር በ894 ዶላር ወረደ፤ የ500 ዶላሩም አብሮ ጠፋ። መልሰን አስገባነው።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ካርዱ እንደ መጣ ብንልክ ገንዘቡ ቶሎ ይደርሳል?

ሒሳብ ሠራተኛው (ቨርጂኒያ)

እነዚህ ሁለት ክሬዲቶች ያሉበትን ተመላሽ ገንዘብ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በፊት እንዳይለቅ በ2015 በወጣ ሕግ ተከልክሏል። ያ ቀን ካለፈ በኋላ የምትልኩ ከሆነ ይህ አያግዳችሁም። በኤሌክትሮኒክስ ላኩት፤ የባንክ ቁጥራችሁንም ሁለት ጊዜ አንብቡ። ኤፕሪል ሲገባ ካርዱ ካልመጣ እዚህ ጻፉልኝ፤ የማራዘሚያውን ፎርም አብረን እንሞላዋለን።

የሦስት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)

ካርዱ ዛሬ ደረሰ። ስሟ በትክክል ተጽፏል። ማታ እንልካለን።